ያልተጻፈ ትጋት፦ ውጤታቸው ከፍ ያለ፣ የተሳትፎ ገጻቸው ግን ባዶ የሆነ ተማሪዎች ጉዳይ

በአሜሪካ አገር ከታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ አንዱ ለመግባት የሚያመለክት ወጣት፣ የአራት ዓመት የትምህርት ውጤቱንና የፈተና ነጥቡን አቅርቦ ሲያበቃ፣ ከመማሪያ ክፍል ውጭ ባሉት ሰዓታት ምን ሲሠራ እንደ ኖረ የሚጠይቅ ሌላ ገጽ ይቀርብለታል። በ1975 በ15 ኮሌጆች ስምምነት ተመሥርቶ ዛሬ ከ1,000 የሚበልጡ ተቋማት የሚቀበሉት፣ ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ፣ ለዚህ ጥያቄ 10 ቦታ መድቧል፤ በእያንዳንዱም ቦታ የሚጻፈው መግለጫ ከ150 ፊደል እንዳያልፍ ወስኗል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት፣ የኢትዮጵያ ብለን ካልለየናቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በሲያትልና በዳላስ፣ በሚኒሶታና በአትላንታ ከሚያድጉት የወገኖቻችን ልጆች መካከል በሒሳብና በሳይንስ ከጓደኞቻቸው ልቀው የሚታዩት ጥቂቶች አይደሉም፤ ነገር ግን እነዚሁ ልጆች ከዚህ ገጽ ሲደርሱ ብዕራቸው ይቆማል፤ «የክርክር ክበብ አባል አልነበርሁም፤ ቫዮሊን አልጫወትም፤ በኳስ ቡድን አልተሰለፍሁም፤ እንግዲህ ምን ልጻፍ?» ብለው ሁለት ወይም ሦስት መስመር ሞልተው የቀረውን ባዶ ይተዉታል። ስለ እነዚህ ልጆች ለመናገር ያስነሣኝ፣ ከእነርሱ የሚበዙት ሥራ ፈትተው ያደጉ ሳይሆኑ፣ የሠሩትን ሥራ ሥራ ብለው ሳይቆጥሩት የቀሩ መሆናቸውን በማየቴ ነው።

የወላጆችም ግራ መጋባት ምክንያት አለው። በኢትዮጵያ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ዋናው በር አገር አቀፍ ፈተና ነው፤ ፈተናውም የተማሪውን ጠባይ፣ የቤቱን ኑሮ፣ የእጁን ሙያ አይጠይቅም። በ2014 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት 29,909፣ ማለት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ የሚያስታውስ ሰው፣ አባት ልጁን «ከመጽሐፍህ አትነሣ፤ ሌላው ይደርሳል» ብሎ መምከሩን እንደ ስሕተት ሊቆጥርበት አይችልም። እንዲህ ባለው ሥርዓት ተፈትኖ ያለፈ ወላጅ በባዕድ አገር ልጅ ሲያሳድግ ያንኑ ምክር መስጠቱ የተፈጥሮ ነው፤ የሰጠውም ምክር ፍሬ አፍርቶ ልጁ ከፍተኛ ውጤት አምጥቷል። ነገር ግን በአዲሱ አገር የሚፈርደው ዳኛ ሌላ ነው።

አሜሪካውያንም ይህን ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሲጠይቁ የኖሩ አይደሉም። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ወደ ሃርቫርድ ለመግባት ዋናው ነገር የኮሌጁን የመግቢያ ፈተና ማለፍ ነበር፤ ያለፈ ይገባል፤ የወደቀ ይቀራል። ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱት የአይሁድ ልጆች ግን ሌሊትና ቀን እያጠኑ ፈተናውን በብዛት ማለፍ በጀመሩ ጊዜ፣ በ1922 ገደማ ከኮሌጁ ተማሪዎች ከአምስቱ አንዱ እጅ በላይ አይሁዳዊ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቦት ሎረንስ ሎዌል በዚህ ታወኩ፤ የአይሁድንም ቁጥር በገደብ ለመወሰን አሳብ አቀረቡ፤ መምህራኑ ግልጹን ገደብ ባይቀበሉላቸው፣ በቀጥተኛው በር ያልገባው አሳብ በጓሮ በር ገባ። ማመልከቻው የአመልካቹን አባት የትውልድ ቦታ፣ የእናቱን የልጅነት የቤተ ሰብ ስም፣ ስማቸውም ተለውጦ እንደ ሆነ ይጠይቅ ጀመር፤ በ1926ም የሚገቡት ተማሪዎች ቁጥር ተወሰነ፤ ፎቶግራፍ እንዲቀርብ ተደነገገ፤ ከፈተናው ነጥብ ጋር «ጠባይ» የሚባለው ነገር እንዲመዘን ተደረገ። እንግዲህ ዛሬ «ሁለንተናዊ ግምገማ» ተብሎ በመልካም ስም የሚጠራው ሥርዓት ከሥሮቹ አንዱ፣ የስደተኛ ልጅ በመጽሐፍ ትጋቱ ብቻ እንዳይገባ የተበጀ ሚዛን መሆኑን ማወቅ ያሳዝናል፤ ይሁን እንጂ ማወቁ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ዛሬም የስደተኛ ልጅ በዚህ ሚዛን ፊት ሲቆም የሚሰማው ባዕድነት ከራሱ ጉድለት የመጣ እንዳልሆነ ያስረዳዋል።

በዚያው በ1926 ኤስ.ኤ.ቲ. የሚባለው ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። ከሎዌል ቀጥለው ሃርቫርድን የመሩት ጄምስ ብራያንት ኮናንት በ1930ዎቹ ዓመታት ይህንን ፈተና በሩቅ ክፍላተ ሀገር ያሉትን፣ ገንዘብና ዘመድ የሌላቸውን ብሩህ ልጆች ለመፈለጊያ አዋሉት። ስለዚህ ሁለቱ ሚዛኖች፣ አእምሮን የሚለካውና ጠባይን የሚለካው፣ በአንድ ዘመን ተወልደው እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ጠባይን የሚለካውም ሚዛን ያስገኘው በደልን ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ለመከልከል የተበጀው መሣሪያ በኋላ ዘመን በድህነትና በመከራ ውስጥ ያደገውን ልጅ ከነኑሮው ለማየትም አገልግሏል።

ዛሬ ውጤት ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት ከቁጥሩ ይገኛል። በ2024 ወደ ሃርቫርድ ኮሌጅ ካመለከቱት 54,008 ሰዎች የተቀበሉት 1,937 ነበሩ። ካመለከቱት ውስጥ በሁሉም ትምህርት ከፍተኛውን ማዕርግ ያገኙት ከሚሰጠው ቦታ ብዙ ጊዜ እጥፍ ስለሚሆኑ፣ ውጤት ወደ ደጀ ሰላሙ ያደርሳል እንጂ ከዚያ ወደ ውስጥ የሚያሳልፍ ሌላ ነገር ይፈለጋል። ይህ እውነት መራራ ቢሆንም ለልጅ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ ያልተቀበለው ዩኒቨርሲቲ ችሎታውን የናቀ እንዳይመስለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልድረስ። «ፍትሐዊ ቅበላ ለተማሪዎች» የሚል ትርጉም ያለው ስም የያዘ ማኅበር በ2014 ሃርቫርድን ከሶ፣ ክርክሩ በ2018 በቦስተን ፍርድ ቤት ተሰምቶ፣ በመጨረሻም በሰኔ 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአመልካች ዘር በቅበላ እንዳይመዘን መፍረዱ ይታወቃል። በዚያ ክርክር ምክንያት፣ ማመልከቻ አንባቢዎች የሚመሩበት፣ ከዚያ በፊት በምስጢር የተያዘው የሃርቫርድ መመሪያ ለሕዝብ ተገለጠ። እንደ መመሪያው አመልካቹ በትምህርት፣ ከትምህርት ውጭ በሆነ ተሳትፎ፣ በስፖርትና በግል ጠባይ ለየብቻ ቁጥር ይሰጠዋል፤ 1 ከሁሉ የበለጠው ነው። በተሳትፎ በኩል 1 የሚሰጠው በአገር ደረጃ ለታወቀ ሥራ ነው፤ 2 በትምህርት ቤቱ ወይም በአካባቢው መሪና አንቱ የተባለ ለሆነ ነው፤ 3 ተሳትፎ እያለው ልዩ ምልክት ለሌለው ነው፤ 4 ደግሞ ተሳትፎው ጥቂት ለሆነ ወይም ፈጽሞ ለሌለው ነው። ከዚህ በኋላ ግን መመሪያው መልኩን ይለውጣል። 5 ከ4 የሚያንስ ደረጃ ሳይሆን፣ ከተለመደው ክበብና ቡድን ውጭ፣ በቤተ ሰብ ኃላፊነት ወይም በትምህርት ጊዜ በሚሠራ የደመወዝ ሥራ ብዙ የደከመን ልጅ ለይቶ የሚያመለክት ምልክት ነው፤ 6ም በሕመም ወይም በሌላ ልዩ ምክንያት ከተሳትፎ ለተከለከለ የተጠበቀ ነው። እነሆ፣ በቀን አራት ሰዓት ታናናሾቹን ሲያሳድግ የኖረ ልጅ ገጹን ባዶ ቢተወው የሚሰጠው 4 ነው፤ ያው ልጅ ያንኑ ኑሮ ቢጽፈው አንባቢው በ5 ይለየዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የልጁ መጻፍና አለመጻፍ ብቻ ነው።

ታዲያ ልጆቻችን ስለ ምን ዝም ይላሉ? እኔ እንደማየው ምክንያቱ አስተዳደጋቸው ነው፤ ይህንንም የምለው ለነቀፋ አይደለም። በቤታችን ልጅ ለእናቱ ቢላክ፣ አያቱን ወደ ሐኪም ቤት ወስዶ የሐኪሙን ቃል ቢያስተረጕምላት፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣውን ደብዳቤ አንብቦ ለአባቱ መልሱን ቢጽፍለት፣ በአጎቱ ሱቅ ቅዳሜና እሑድ ሒሳብ ቢይዝ፣ ይህ ሁሉ የልጅነት ግዴታ እንጂ ሽልማት የሚጠየቅበት ነገር አይደለም። በስውር የሚደረግ በጎ ሥራ ዋጋው ታላቅ እንደ ሆነ፣ ራስን ማወደስ ግን ውዳሴ ከንቱ እንደ ሆነ ከሕፃንነቱ የተማረ ልጅ፣ «ምን ሠራህ?» ብሎ የሚጠይቅ ወረቀት ሲሰጠው አፉ ቢያያዝ አያስደንቅም። ነገር ግን የተጠየቁትን በእውነት መመለስ ምስክርነት ነው፤ ትሕትናንም አያፈርስም፤ ልጅ ስለ ኑሮው ሲጠየቅ ዝም ቢል የሚጎዳው ራሱን ብቻ ሳይሆን ስለ እርሱ የደከሙትን ሰዎች ታሪክም ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ዲቁና ተቀብሎ የሚያገለግል የ16 ዓመት ልጅ፣ በዕለተ ሰንበት ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ማንም ሕዝብ ዛሬ አፉን ባልፈታበት በግዕዝ ቋንቋ፣ ውዳሴ ማርያሙንና ግብረ ዲቁናውን በቃሉ ይዞ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ በሚፈጀው ቅዳሴ ላይ ቆሞ ይመልሳል፤ ያነብባል፤ ምእመናንን በዜማ ለጸሎት ያስነሣል። ይህ ልጅ የጥንት ቋንቋ ተማሪ ነው፤ የዜማ ተማሪ ነው፤ በብዙ ሰው ፊት መናገርን የለመደ ነው፤ በመኖሪያ አካባቢው ያለውን ሕዝብ በየሳምንቱ በነጻ የሚያገለግል ነው። በማመልከቻው ላይ ግን፣ ከጻፈው እንኳ፣ «ዲያቆን» የሚል አንዲት ቃል አስፍሮ ያልፋል፤ ሺሕ ገጽ በፊቱ የተከመረበት የሃርቫርድ አንባቢም ከዚህ ቃል ጀርባ ምን እንዳለ ሊያውቅ አይችልም። በሰንበት ትምህርት ቤት ለሕፃናት ፊደል የምታስቆጥር እኅትም፣ መዝሙር የምታስጠናም፣ እንደዚሁ ናት፤ ቅዱስ ቁርአንን በቃሉ ለመያዝ ዓመታት የደከመና ታናናሾችን የሚያስቀራ ሙስሊም ወጣትም እንደዚሁ ነው። ኮመን አፕ ከሚያቀርባቸው የተሳትፎ ዓይነቶች ውስጥ «ሃይማኖት»፣ «ባህል»፣ «የቤተ ሰብ ኃላፊነት»ና «የደመወዝ ሥራ» የሚሉ ተለይተው ተጽፈዋል፤ ቦታው አስቀድሞ ተዘጋጅቶላቸዋል ማለት ነው።

አጻጻፉ ግን ጥበብ ይፈልጋል። «ታናናሾቼን እጠብቃለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም ለአንባቢው ምንም አያሳየውም። «ወላጆቼ በማታ ተራ ሲሠሩ የ6 እና የ9 ዓመት ታናናሾቼን ከትምህርት ቤት አመጣለሁ፤ እራት አበላለሁ፤ የቤት ሥራ አሠራለሁ፤ አስተኛለሁ» የሚለው ግን ቤቱን ከነመብራቱ ያሳያል። ማመልከቻው ከዚህ ቀጥሎ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት ብሎ ይጠይቃል፤ በዚህ ላይ ልጆቻችን ሳያስቡት ያሳንሳሉ። በሳምንት 15 ሰዓት በዓመት 40 ሳምንት የሠራ ልጅ 600 ሰዓት ሠርቷል፤ ይህም ብዙ የስፖርት ቡድኖች ለልምምድና ለውድድር ከሚፈልጉት ጊዜ አይተናነስም። ስለዚህ ከማመልከት በፊት አንዱን ተራ ሳምንት ከሰኞ እስከ እሑድ በሰዓት ከፋፍሎ በወረቀት መጻፍ መልካም ዘዴ ነው፤ ያልታሰበ ሥራ ከዚያ ውስጥ ይወጣል። በ650 ቃል የሚጻፈው የግል ድርሰትም መስመሩ የማይበቃውን ለማስፋት ያገለግላል።

ከዚህ በተቃራኒው ያለውን መንገድ፣ ማለት በመጨረሻው ዓመት በጥድፊያ ክበብ መሥርቶ ፕሬዚዳንት መባልን፣ ያልሠሩትንም ሠራሁ ማለትን፣ አጥብቄ እቃወማለሁ። በመጋቢት 2019 የአሜሪካ መንግሥት ዐቃብያነ ሕግ ያጋለጡት ወንጀል ለዚህ ትምህርት ይሆናል፤ ዊሊያም ሲንገር የሚባለው ሰው ከባለጸጎች ብዙ ገንዘብ እየተቀበለ፣ ለአሠልጣኞች ጉቦ እየሰጠ፣ ስፖርቱን የማያውቁትን ልጆች እንደ ተመረጡ ስፖርተኞች አድርጎ ወደ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ያስገባ ነበር፤ እርሱም ጥቂት የማይባሉ ወላጆችም ታሰሩ። ወንጀል ሳይሠራም ሀብት በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ያደርጋል። ራጅ ቼቲ፣ ዴቪድ ዴሚንግና ጆን ፍሪድማን የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በ2023 ባወጡት ጥናት፣ በገቢ ከመቶ አንዱ ከሆኑት እጅግ ባለጸጎች የተወለዱ ልጆች፣ በፈተና እኩል ነጥብ ካላቸው የመካከለኛ ኑሮ ልጆች ይልቅ ጥናቱ ወደ ተመለከታቸው 12 ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች የመግባት ዕድላቸው ከእጥፍ እንደሚበልጥ አሳይተዋል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ከትምህርት ውጭ ባለው ተሳትፎ የሚያገኙት ከፍ ያለ ግምት ነው። ይህ ፍትሕ የጎደለው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። በ2016 የሃርቫርድ የትምህርት ፋኩልቲ አንድ ክፍል ባወጣውና ብዙ የቅበላ ኃላፊዎች በደገፉት ጽሑፍ፣ የተሳትፎ ዝርዝር ማብዛት ቀርቶ ለቤተ ሰብ የሚደረግ አገልግሎት ተገቢው ክብር እንዲሰጠው መጠየቁ፣ ጉድለቱ በራሳቸው ዘንድም የታወቀ መሆኑን ያስረዳል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ በእውነት ከትምህርቱ በቀር ሌላ ያልያዘ ልጅም እንዳለ አንክድም። ለእርሱ የሚጠቅመው የጥናቱን ጥልቀት ማሳየት ነው፤ ከመማሪያ መጽሐፉ አልፎ ያነበበውን፣ ማንም ሳያዝዘው የፈታውን የሒሳብ ጥያቄ፣ ያበላሸውንና መልሶ ያቀናውን መሣሪያ፣ በድርሰቱም በመምህሩም ምስክርነት ሊያስገልጥ ይችላል። ኤም.አይ.ቲ. የሚባለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በማመልከቻው ላይ የሚቀበለው ተሳትፎ ከአራት አይበልጥም፤ ለደስታ ብቻ የሚሠሩትን ነገር እንዲነግሩትም ይጠይቃል፤ ስለዚህ ብዛት የሁሉም ፍላጎት አይደለም። ገና የ10ኛ ወይም የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ደግሞ አምስት አዲስ ነገር ከመጀመር ይልቅ የያዘውን አንዱን ቢያጸና ይሻለዋል።

የሚያመለክቱበትን ቦታ መምረጥም ከሁሉ የማያንስ ነገር ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ኮመን ዳታ ሴት የሚባል የመረጃ ሰነድ በየዓመቱ ያወጣሉ፤ በዚያ ውስጥ ሲ7 በተባለው ሠንጠረዥ የክፍል ውጤት፣ ድርሰት፣ ተሳትፎ፣ የሥራ ልምድና ሌላውም ሁሉ «እጅግ አስፈላጊ»፣ «አስፈላጊ»፣ «የሚታይ»፣ «የማይታይ» እየተባለ በግልጽ ተቀምጧል፤ ወላጅም ተማሪም ገንዘብ ሳይከፍሉ ሊያነቡት ይችላሉ። በዳላስና በሂዩስተን ያሉ ወገኖች በ1997 የወጣውን የቴክሳስ ሕግ ማወቅ ይገባቸዋል፤ በዚህ ሕግ መሠረት በውጤቱ ከትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ከዐሥሩ አንዱ በሆነው የላይኛ ክፍል የሚገኝ ልጅ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ተጨማሪ ምዘና ይገባል፤ የኦስቲኑ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ስለ ተጨናነቀ በ2026 መጸው ከሚጀምረው ትምህርት አንሥቶ እንዲህ ያለ ምዘና የሚቀበለው ከላይኞቹ ከመቶ 5ቱን ነው፤ የሚፈልጉትን የትምህርት ክፍል ማግኘት ግን ሌላ ምዘና አለው። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ በአብዛኞቹ ክፍሎቹ የሚመለከተው የትምህርት ውጤትን ነው። በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ ኳስና ክበብ አይጠይቁም፤ የሚሹት ተማሪው በመረጠው ትምህርት ያለውን ችሎታና ንባብ ነው፤ ማመልከቻውም እስከ ጥቅምት 15 ይገባል፤ በአንድ ዓመት ለሁለቱም ማመልከት አይፈቀድም። ለውጭ አገር ተማሪ ግን ክፍያው እጅግ ከባድ ነው።

በኢትዮጵያ ሆኖ የሚያመለክት ተማሪም ክበብና አማካሪ በሌለው ትምህርት ቤት መማሩ እንደ ጉድለቱ አይቆጠርበትም፤ ጥንቁቅ አንባቢ ልጁን የሚመዝነው በትምህርት ቤቱ ውስጥ ከነበረው ዕድል አንጻር ነው፤ ይህ እንዲሆን ግን ዕድሉ ምን ያህል እንደ ነበረ ርእሰ መምህሩ በደብዳቤው መግለጥ አለበት። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ.፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦውደን የውጭ አገር አመልካች የመክፈል አቅሙን ሳይመለከቱ ይፈርዳሉ፤ ለተቀበሉትም የጎደለውን ሁሉ ይሞላሉ።

በመጨረሻም ለእናንተ ለወላጆች አንድ ልመና አለኝ። በአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለአንድ አማካሪ 250 ተማሪ ይበቃል ይላል፤ በተግባር ግን በአገሪቱ ያለው አማካይ ቁጥር ከዚህ እጅግ ያልፋል፤ ስለዚህ የልጃችሁ አማካሪ ልጃችሁ ከትምህርት በኋላ የት እንደሚሄድ አያውቅም፤ ስለ እርሱ የሚጽፈው ደብዳቤ ግን ወደ ዩኒቨርሲቲው ይደርሳል። የመጀመሪያው ዙር ማመልከቻ በብዙ ቦታ በፈረንጆቹ ኅዳር መባቻ፣ ሁለተኛው ደግሞ በጥር መባቻ ይዘጋል። ከዚያ በፊት፣ የሚቻል ከሆነ በመስከረም፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂዱ፤ ቋንቋ ቢያስቸግራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጃችሁ በቤታችሁ፣ በሱቃችሁ፣ በቤተ ክርስቲያናችሁ ወይም በመስጊዳችሁ የሚሠራውን ለአማካሪው በአፋችሁ ንገሩት፤ በጽሑፍም ስጡት።